አቤት ያልኩበት ምሽት

ጂቡቲ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሄሮን በሚባለው የባህር ዳር ሰፈር፣ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት እየኖርኩ እሠራለሁ። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። አርብ አርብ እረፍት አለኝ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ሻይ እጠጣለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። የምነግራችሁ ነገር እስኪገጥመኝ ድረስ ሰው ስለ ራሴ ቢጠይቀኝ ከዚህ የዘለለ አልናገርም ነበር። እውነቱን ለመናገር ማንም እንዲጠይቀኝ አልፈልግም ነበር።

ይህም በእህቴ ምክንያት ነው።

እህቴ ብርቱካን ትባላለች። በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ። ወሎ፣ ከውርጌሳ ወጣ ብላ ካለች ገጠር ነው የተወለድነው። ብርቱካን ከልጅነቷ ጀምሮ ተብታባ ነበረች። በተለይ በ«ብ» የሚጀምር ቃል ይይዛታል። ስሟን ሲጠይቋት ከንፈሯ ተጋጥሞ ይቀራል፣ አንገቷ ይገተራል፣ እኛ አጠገቧ ያለን ሰዎች ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠችው ይኼው ስሟ እያሳቀባት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ደወለችልኝ። ቤት ያለች መስሎኝ ነበር። «ጂቡቲ ነኝ» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለእናታችን ደሴ ለሥራ እሄዳለሁ ብላ ወጥታ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር በእግር አፋርን አቋርጣ ነው የመጣችው። በማግስቱ አርብ ካርቲየ 4 ሄጄ አገኘኋት። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሆነው ተኝተዋል። እግሯ ቆስሏል። ፊቷ ከመጥቆሩ የተነሳ መጀመሪያ አለፍኳት፤ እሷ ናት ቀሚሴን የያዘችኝ።

ሩዝና አሳ የሚሸጥበት ቤት ወስጄ አበላኋት። እየበላች ሳቀች።

«መንገድ ላይ ስሜን ቀየርኩ» አለችኝ። «ሰዓዳ ብያለሁ። ሳውዲ ሲገባም ይሻላል አሉኝ። ደግሞ አይይዘኝም። ሰዓዳ። አየሽ?»

ከዚያ ሳህኑን እያየች፣ «እዚሁ ካንቺ ጋር ልቅር?» አለችኝ። «ባህሩን ስሰማው ፈራሁ። እዚህ ልሥራ።»

«እዚህ ሥራ የለም» አልኳት። «ማዳም ሰው አታስገባም። ወደ እማዬ ተመለሺ።»

ማዳም ሰው ታስገባ አታስገባ አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። ወረቀት የሌላት ልጅ ይዤ ብቀርብ እኔንም ታባርረኛለች ብዬ ፈራሁ፤ ይኼው ነው። ብርቱካን አልተከራከረችኝም። ልታወራ ስትል የሚይዛት ሰው ብዙ አይከራከርም። የምትመለስ የሚመስል ነገር ተናግራኝ ተለያየን። እሁድ ወደ የመን ከሚሻገሩበት ከኦቦክ በኩል ደወለች፤ «ነገ እንሻገራለን» አለችና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ስልኳ ሠርቶ አያውቅም።

እናቴ በየጊዜው ትጠይቀኛለች። ብርቱካን ደሴ አለመድረሷን፣ በዐረብ አገር መንገድ መሄዷን ከሰው ሰምታለች። «በእናንተ በኩል አላለፈችም?» ስትለኝ «አላየኋትም» አልኳት። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻ አጣሁ። እናም ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ጠበቅን። የመን እስር ቤት ይዘዋት ይሆናል፣ ሳውዲ ገብታ ስልክ የሚከለክል ቤት ገጥሟት ይሆናል እያልን። አርብ አርብ ከሻዩ በፊት ካርቲየ 4 ጎራ እያልኩ አዲስ የገቡ ሴቶችን ፊት አንድ በአንድ አይ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ኢዛቤል የምትባል የማዳም ጓደኛ ከፈረንሳይ መጣች። ቲያትር አዘጋጅ ናት። ታኅሣሥ ሲገባ ጂቡቲ ቀዝቀዝ ይላል፤ የአገሬው ሰው ሹራብ ይደርባል፣ ፈረንጆቹ በእጅ ጉርድ ይሄዳሉ። ኢዛቤል ለዚህ ወቅት የሚሆን የሙታን መንፈስ ትርኢት ልታዘጋጅ ነው፤ የሚዘምሩ ሴቶች ትፈልጋለች። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያናችን መጥታ ነበር፤ አባ «የሙታን መንፈስ መጥራት የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው መለሷት። ማዳም ግን እኔን ጠርታ፣ «አንቺ ትዘምሪያለሽ፣ አይደል? ለሦስት ሳምንት ከሰዓት በኋላሽን ሰጥቼሻለሁ» አለችኝ። የሰጠችኝ እረፍት ይምሰል እንጂ ትዕዛዝ ነበር። ሄድኩ።

ቦታው ወደቡ አካባቢ ያለ አሮጌ የጨው መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ስንሰበሰብ ስምንት ሴቶች ነበርን፤ ስድስቱ ሐበሾች፣ ሁለቱ የጂቡቲ ልጆች። የሚያስተረጉምልን ዋይስ የሚባል ጂቡቲያዊ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«በእነ ኢዛቤል አገር ክረምት እንደኛ ዝናብ አይደለም» አለን። «ቀኑ ያጥራል፣ ይጨልማል፣ ሰው ቤቱ ይከተታል። ያኔ ሰብሰብ ብለው የሙታን መንፈስ ታሪክ ይነጋገራሉ። ይፈራሉ፣ ደስ ይላቸዋል።»

«ፈርተው ነው ደስ የሚላቸው?» አለች አንዷ።

«አቦ፣ እኔም አልገባኝም» አለ ዋይስ።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ አሳ አጥማጅ በብርድ ወራት ባህር ላይ ሳለ ከውኃው ውስጥ ሰዎች ስም ሲጠሩ ይሰማል። የሚጠሩት ሙታን ናቸው፤ እርስ በርስ እየተፈላለጉ ነው። ዝም ካለ ያልፉታል፣ አቤት ካለ ይወስዱታል። ተመልካቹ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ሃያ ሃያ ሆኖ ጫማውን አውልቆ፣ የረጠበ ገመድ ይዞ፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ጨው ላይ በጨለማው ውስጥ ይራመዳል። አንድ ሽማግሌ ተራኪ በሶማልኛና በፈረንሳይኛ ታሪኩን ይናገራል። እኛ በየጥጉ ተበታትነን እናንጎራጉራለን፤ ሲጠጉን ዝቅ፣ ሲርቁን ከፍ። በመጨረሻ እያንዳንዳችን በተራ የሞተብንን ሰው ስም እንጠራለን።

ኢዛቤል በዚህ ጉዳይ ቆራጥ ነበረች። ዋይስ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ «የፈጠራ ስም አትጥሩ ትላለች። የእውነት ያጣችሁትን። ማን እንደሆነም በሁለት ቃል ጨምሩ። ደግሞ ማንም ቢጠራ ማንኛችሁም አቤት እንዳትሉ። ዝምታው ነው የሚያስፈራው።»

ሌሎቹ ተናገሩ። አንዷ በወሊድ የሞተችባትን ጓደኛዋን፣ አንዷ አባቷን። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እድሜ ጠግበው፣ ልጅ የልጅ ልጅ አይተው የሞቱትን አያቴን ጠራሁ። የብርቱካንን ስም እዚያ መጋዘን ውስጥ መጥራት በገዛ አፌ መግደል መሰለኝ።

ትርኢቱ ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው አንዷ ታመመችና ዋይስ በምትኳ ዘሃራ የምትባል ልጅ ሃያብለ ከሚባለው ሰፈር አመጣ። የሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ የከሚሴ ልጅ። ቀን ቀን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ድምጿ ሻካራ ነው፣ ዜማ አትይዝም፤ ግን ስትጣራ ግድግዳው ይመልስላታል። ኢዛቤል ስም ስትጠይቃት፣ «እኔ አንድ አይደለም፣ ሰባት አለኝ» አለች።

«የዘመድ ናቸው?» አለ ዋይስ።

«አይደሉም። አብረን የነበርን ነን።»

እንድትለማመድ ጥሪ ሲላት እምቢ አለች። «ለልምምድ አልጠራቸውም። ሰው በመጣ ቀን እጠራቸዋለሁ።» ኢዛቤል ይህን ሲተረጉሙላት እሺ አለች።

እኔና ዘሃራ የአንድ አገር ሰዎች ስለሆንን ተቀራረብን። ልምምድ ሲያልቅ ደጅ፣ የጭነት መኪና የሚራገፍበት ሰሌን የሚያክል ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብለን ዳቦ እንካፈላለን። ስለ ከሚሴ ገበያ፣ ስለ ቦርከና ወንዝ እናወራለን። ስለ ባህር አታነሳም፤ እኔም አላነሳም። ከየት መጥታ ሃያብለ እንደቀረች መገመት አያቅትም ነበር፤ ግን ከጠየቅኳት እሷም ትጠይቀኛለች ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን እሷው ጠየቀችኝ። ዳቦዋን እየቆረሰች፣ ሳታየኝ፣ «አንቺስ በባህር የሄደብሽ ሰው አለ?» አለች።

«የለም» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

የመጀመሪያው ምሽት ሐሙስ ነበር። ፀሐይ ስትገባ ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ ፈረንሳዮች፣ የጦር ሰፈር መኮንኖች ከሚስቶቻቸው ጋር፣ ጥቂት የጂቡቲ ትልልቅ ሰዎች። ማዳምም ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። እኛ ቀድመን ገብተን ቦታ ቦታችንን ይዘናል። እኔ ከወደ ውስጥ፣ ከኋለኛው ግድግዳ አጠገብ ነኝ። ዘሃራ ማዶ፣ ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ። በሩ ሲዘጋ እጄን እንኳ ማየት አልቻልኩም።

ማንጎራጎር ጀመርን። ጨው በባዶ እግር ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ እየቀረበ መጣ። የአንዲት ሴት ሽቶ አለፈኝ። አንድ ሰው አጠገቤ ሲደርስ ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ ሰማሁት። ሽማግሌው ታሪኩን ወደ መጨረሻው አመጣው፤ አሳ አጥማጁ መቅዘፊያውን ጣለ። ከዚያ ስም መጥራት ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ጠራች፣ ዝምታ። ሁለተኛዋ ጠራች፣ ዝምታ። እኔ አያቴን ጠራሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አያቴን ሳስብ የሚታየኝ ደግ ሞት ነው።

የመጨረሻዋ ዘሃራ ነበረች።

«ከድጃ» አለች። «የሀርቡዋ። ነፍሰ ጡሯ።»

ቀጠለች።

«መሐመድ። የባቲው። ቀበቶውን የሰጠኝ።»

እነዚህ ሰዎች የት እንደሞቱ ያኔ ገባኝ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሦስተኛውን ጠራች፣ አራተኛውን ጠራች። እንደማትጠራት ለራሴ ነገርኩት። ባህሩን በየሳምንቱ ስንት ጀልባ ይሻገረዋል፣ ስንት መቶ ሰው ያልፋል አልኩ። አምስተኛውን ጠራች። ስድስተኛውን።

«ሰዓዳ» አለች። «የውርጌሳዋ። ተብታባዋ።»

«አቤት» አልኩ።

ማን እንዳለ መጀመሪያ አላወቅኩም። ከአፌ መውጣቱን የተረዳሁት ሰዎቹ ባሉበት ሲቆሙ፣ የጨው ድምፅ ሲጠፋ ነው። ከዚያ ዘሃራ በጨለማው ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ እንደገና «ሰዓዳ?» አለች። «አቤት» አልኩ። «አቤት፣ አቤት፣ አቤት።» ማቆም አልቻልኩም። ብርቱካን አፏ ተይዞ መመለስ አቅቷት እኔ የምመልስላት ይመስል። ጨው ላይ ወደቅኩ፤ እዚያው ሆኜ በአገራችን ወግ ደረቴን እየመታሁ ጮህኩ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ማንጎራጎራቸውን ቀጠሉ፤ ኢዛቤል ምንም ቢፈጠር አታቋርጡ ብላናለችና። ገመዱን ከያዙት አንዷ አለቀሰች። ሌላው በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ብሎ ሳቅ አለ፤ ፈርቶ ነው።

መብራት በራ። ሰዎቹ ጨው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አዩ። ከዚያም አጨበጨቡ።

ለረጅም ጊዜ አጨበጨቡ። ማዳም ከኋላ ሆና በኩራት ስታየኝ አያታለሁ። ኢዛቤል እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ፤ ጉንጯ በእንባ ርሷል። ከአፏ የወጣውን ዋይስ ተረጎመው።

«እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም ትላለች። አቤት ማለትሽ ይሻላል ትላለች። ነገም እንደዛው አድርጊው።» ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙሉ፣ ምን ሆነሻል?»

ትቼው ወጣሁ። ዘሃራ ብቻዋን ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ሲሚንቶው ወጥተን ተቀመጥን። ወደቡ ላይ መርከቦች መብራት አብርተዋል።

«ሰዓዳ ምንሽ ናት?» አለችኝ።

«እህቴ ናት። ስሟ ብርቱካን ነው።»

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች። አልወቀሰችኝም። እንደ ነገሩ ነው ያለችው፤ እሱ ባሰብኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። ከኦቦክ ወደ ላይ ካለ ባዶ ዳርቻ ነው የተነሱት። መቶ ሃያ ሆነው ለአርባ ሰው በምትሆን ጀልባ ላይ። ሰዓዳ አጠገቧ ነበረች፤ ጉልበታቸው ተነካክቶ። ዳሩ ገና ከዓይናቸው ሳይጠፋ ሞተሩ ውኃ ገባበት። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ነጂዎቹ ከሩቅ የጥበቃ መርከብ ያዩ መሰላቸው። ጀልባዋ እንድትቀላቸው ሰው መግፋት ጀመሩ። ዘሃራ የያዘችው ባዶ ጀሪካን አተረፋት።

«ሰዓዳስ?» አልኳት።

«እሷ መዋኘት አታውቅም።»

«አየሻት?»

«እዚያ አላየኋትም። ዳር ላይ ነው ያየኋት። ውኃው መልሶ ሲያወጣን ከሰዓት ሆኖ ነበር። አሳ አጥማጆች መጡ። አሸዋው ላይ ያሉትን ስም ንገሪን አሉኝ። ሰባቱን ብቻ ነበር የማውቃቸው። ሌሎቹን አላውቃቸውም ነበር፣ ሙሉ። ሰባቱን ጠራሁ። ሰዓዳን ፊቷን ያለበስኳት እኔ ነኝ። በሻርፔ። አሳ አጥማጆቹ ሰግደውባቸው ቀበሯቸው።»

መጠየቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ያዘልኩት እሱን ነው።

«ስለ እኔ ምን አለችሽ?»

ዘሃራ አሰበች። ልትዋሸኝ ትችል ነበር። «እህቴን እወዳታለሁ፣ አልተቀየምኳትም» ብላኛለች ብትለኝ እስክሞት አምናት ነበር።

«ምንም አላለችኝም» አለች። «ለማውራት ትቸገር ስለነበር ብዙ አታወራም። ከመሳፈራችን በፊት ቀኑን ሙሉ ባህሩን ነበር የምታየው። እህት እንዳላት እንኳ ዛሬ ካንቺ ነው የሰማሁት።»

በአገራችን መርዶ ወግ አለው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል በር አንኳኩቶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። እኔ መርዶዬን የሰማሁት ጫማቸውን ባወለቁ የማላውቃቸው ሰዎች መካከል ነው። ለእናቴ ግን በወጉ ይሁንላት አልኩ። አርብ ጠዋት ለአጎቴ ደወልኩ። አጎቴ «ነገ ማለዳ እንነግራታለን» አለኝ። ያን ቀን ወደ መጋዘኑ አልሄድኩም። ማዳም ምክንያቴን ስትሰማ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንደዚያ ተቀምጣ አታውቅም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ፣ ካርቲየ 4 ያገኘኋትንም ጭምር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ጊዜ ለምን አልጠየቅሽኝም? ለጥቂት ቀን እዚህ ብታሳድሪያት እምቢ የምል መሰለሽ?»

ከልቧ ይሁን፣ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀሏት ይሁን አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። ማወቂያ የለውም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናቴ ራሷ ደወለች። ከኋላዋ የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማል። እሷ አታለቅስም።

«ማነው የነገረሽ?» አለችኝ።

«አብራት የነበረች ልጅ ናት፣ እማዬ።»

«በእናንተ በኩል ነው የሄደችው?»

«አዎ።»

ሦስት ዓመት አላየኋትም እያልኩ ያለፍኩትን ጥያቄ መልሳ ልትጠይቀኝ እንደሆነ አወቅኩ፤ አልፈልግም አልኩ በልቤ፣ ደግሞም ፈለግኩ።

«አግኝተሻት ነበር?»

«አዎ። አንድ ቀን።»

«በላች?»

«በላች። ሩዝና አሳ።»

«አሳ አትወድም» አለች እናቴ።

«ያን ቀን በላች።»

«እና ለቀቅሻት?»

ስለ ማዳም፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ሥራዬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አንድም ቃል አልወጣ አለኝ።

«እንግዲህ» አለችና ስልኩን ለአጎቴ ሰጠችው።

ቅዳሜ ምሽት የትርኢቱ መጨረሻ ነበር። ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ኢዛቤል በኋላ ለሥነ ጥበብ ካለኝ ፍቅር እንደሆነ ለሰው ስትናገር ሰምቻለሁ። አይደለም። የምሄድበት የለቅሶ ቤት አልነበረኝም። እናቴ ቤት ድንኳን ተጥሏል፣ እኔ የለሁበትም። ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚኖር ሰው ድንኳን የሚጥልበት ደጅ የለውም። አገሬ ላይ የሞተባት ሴት የምትጮህበት ቦታ አታጣም፤ ጂቡቲ ላይ እኔ ያገኘሁት ያንን መጋዘን ብቻ ነው።

በሩ ሳይዘጋ ዘሃራ አጠገቤ መጣች። «ስድስቱን እኔ እጠራለሁ» አለችኝ። «ሰባተኛዋ ያንቺ ናት።»

ስድስቱን ጠራች። ከዚያ ቆመች። እኔ «ብርቱካን» አልኩ። «እህቴ። ልቅር ያለችኝ።» ሴቶቹ አሁን ነገሩን ሰምተዋል፤ ማንጎራጎሩን ትተው አለቀሱ፣ የእውነት ለቅሶ። ሁለቱ የጂቡቲ ልጆችም በራሳቸው ቋንቋ አለቀሱ። ሰዎቹ ገመዱን ይዘው በመካከላችን አለፉ። ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው፣ እንዲህ ፈርተን አናውቅም ሲባባሉ። አልጠላኋቸውም። የመጡት ለዚያ ነው።

በማግስቱ ጨውን ጠረጉት፣ ገመዱን ጠቀለሉት፣ ኢዛቤል አገሯ ገባች። ጥር ላይ እኔና ዘሃራ በመርከብ ወደ ኦቦክ ሄድን፤ ከዚያም በመኪና ወደ ላይ። ዘሃራ ቦታውን ለማግኘት ከሁለት ሰዓት በላይ ተመላለሰች። ነፋሱ አሸዋውን አዘዋውሮታል። «እዚህ ይመስለኛል» ትላለች፣ ትንሽ ትሄድና «እዚያ ይሆን?» ትላለች። በመጨረሻ ልብሷን አራግፋ ተቀመጠች፤ «ይቅር በይኝ» አለችኝ። መርከቡ እንዳያመልጠን ተመለስን።

ሰው ቁርጡን ሲያውቅ እረፍት ያገኛል ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔን ያጽናኑኝ ሁሉ ያሉኝ ይህንኑ ነው። እረፍቱን አላገኘሁትም። ቀድሞ የምጠብቃት እህት ነበረችኝ፤ አርብ ሲመጣ የማያቸው ፊቶች ነበሩኝ። አሁን ካርቲየ 4 ስሄድ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው። ዘሃራ ዳቦ እየቆረሰች በጠየቀችኝ ቀን አዎ፣ አለኝ ብያት ቢሆን ኖሮ እህቴ አትነሳም ነበር። ግን ከአንድ ሰው አፍ፣ እጄን ይዞ ከሚነግረኝ ሰው እሰማው ነበር። ያም ሰው እሷው ነበረች፤ አጠገቤ ነበር የተቀመጠችው።

ይህን የምታነቡ፣ ልቅር ያላችሁ ሰው ካለ ቢያንስ ሂዳችሁ ጠይቁለት። እምቢ ቢሏችሁ እምቢ አሉኝ ማለት ትችላላችሁ። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም፤ ይቺም ለእኔ ዘግይታለች።

አሁንም ማዳም ቤት ነኝ። አርብ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ጥላ ያለበት ፈልጌ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ስልኳ ክፍት ነው፤ አጎቴ እንደነገረኝ ከእጇም አይለይም፣ ቁጥሬንም ታውቀዋለች። እስኪቋረጥ ድረስ ይጠራል።